እንጨት በል አምባዛ ያለ እንጨት ይኖራል ወይስ አይኖርም?

ሰማያዊ_ገንዳ
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ መልሱ ግን በጠየቅኩት ሰው ቁጥር ተለያየብኝ። ገንዳው 240 ሊትር ነው (120 በ40 በ50 ሴ.ሜ)፣ ውስጡ አሸዋና ድንጋይ ብቻ። ዓሦቹ 6 ሴ.ሜ የሚሆኑ 2 ክላውን ፕሌኮዎችና 1 አንሲስትረስ ናቸው፤ ሁሉም መስታወት ላይ የሚለጠፉ የአምባዛ ዓይነቶች። ሙቀት 26 ዲግሪ፣ ፒኤች 7.6፣ ኬኤች (ውሃው አሲድን የሚያግድበት አቅም) 8። አንዱ «እንጨት ካላስገባህ አንጀታቸው ተዘግቶ ይሞታሉ» ይላል፤ ሌላው «ተረት ነው፣ ዙኩኒ ስጣቸውና ተዋቸው» ይላል። የማንን ልያዝ?

ባለመሮው
ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ይዘዋል። መጀመሪያ ግን «ፕሌኮ» የሚለውን ስም እንበትነው፤ ጭቅጭቁ የሚነሳው ከዚያ ነው። በዚህ ስም የሚሸጡት በሙሉ ከሎሪካሪዴ ቤተሰብ ናቸው፤ እንጨት የሚፍቁት ግን ከመሃላቸው ጥቂቶቹ ናቸው፦ ፓናኬ፣ ፓናቆለስ፣ ከሃይፖስቶመስም የኮክሊዮዶን ወገን የሚባሉት። ሁለቱ ክላውን ፕሌኮዎችህ ፓናቆለስ ማከስ ናቸው፣ በዓሣ ንግድ በኤል 104 ወይም በኤልዲኤ 22 መለያ ቁጥር የሚታወቁት። አንሲስትረሱ ከዚህ ቡድን ውጭ ነው።

ስሙ ካደናገረህ ጥርሱን እይ። ማታ ዓሣው መስታወት ላይ ሲለጠፍ በእጅ ባትሪ ከጎን አብራበት። የአንሲስትረስ አፍ ውስጥ ቀጫጭንና ብዙ ጥርሶች እንደ ብሩሽ ተሰልፈው ታያለህ፤ አልጌ ለመጥረግ የተሠሩ ናቸው። የፓናቆለስ ጥርስ በቁጥር ጥቂት፣ ወፍራም፣ ጫፉ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ነው። አናጢ በመሮ እንጨት ሲቦረቡር የሚተወውን ዓይነት ጎድጓዳ ምልክት እንጨቱ ላይ ጥሎ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጥርስ ያለው ዓሣ ድንጋይና አሸዋ ብቻ ያለበት ቤት ውስጥ ሥራ ፈት ነው።

ጋሽ_ኩሬ
ባለመሮው ያለው ልክ ነው፤ እኔ የአንጀቱን ጉዳይ ልጨምር። «እንጨት ይበላል» እና «እንጨት ይፈጫል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዶኖቫን ጀርመን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት የእነዚህን ዓሦች ሆድ ዕቃ መርምሯል። ቀለም የተነከረ እንጨት ሲበሉ ከ4 ሰዓት ባነሰ ጊዜ በኋላ በኩል ወጣ። ምስጥ ወይም ላም ከእንጨትና ከሣር ጉልበት የሚያገኙት ምግቡን አቆይተው የሚያብላሉበት ጓዳ ስላላቸው ነው። የዓሣው አንጀት ደግሞ ረጅምና ቀጭን፣ እንደ ሰዓት ጠምዛዣ የተጠቀለለ ቱቦ ነው፤ ጓዳ የሚባል የለውም። በቤተ ሙከራ እንጨት ብቻ የቀረበላቸው ዓሦች ክብደት ቀነሱ።

ታዲያ ከእንጨቱ ምን ያተርፋሉ? በስብሶ የላላው እንጨት ውስጥ የሰፈሩትን ነገሮች ነው የሚያተርፉት፦ ባክቴሪያ፣ ሻጋታ፣ አልጌ፣ ጥቃቅን ነፍሳት። እነሱን ለማግኘት እንጨቱን አብረው ይውጡታል። እንጨቱ ሳህን ነው በሉት፤ እነዚህ ግን ሳህኑንም አብረው የሚያኝኩ እንግዶች ናቸው።

ጥቁር_ውሃ
ጋሽ ኩሬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚህ አልስማማም። የ2009ኙ ጥናት ነገሩን የዘጋው ተደርጎ መጠቀሱ ይሰለቻል። እ.ኤ.አ. በ2012 በፓናኬ ኒግሮሊኒያተስ ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ የባክቴሪያው ስብጥር ከአንጀቱ ክፍል ወደ ክፍል እንደሚለያይ አሳይቷል። እዚሁ ዓሣ ላይ የተሠሩ ሌሎች ጥናቶችም ሴሉሎስ (የእንጨት ቃጫ) የሚሰብሩና ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙ ባክቴሪያዎች አንጀቱ ውስጥ አግኝተዋል። እንጨት ናይትሮጅን የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ናይትሮጅን የሚይዝ ባክቴሪያ ለእንዲህ ዓይነት ዓሣ ትርፍ ነገር አይደለም።

ጋሽ_ኩሬ
ልጄ፣ ባክቴሪያው መኖሩን ማን ካደ። ጥያቄው ዓሣውን የሚያጠግብ ያህል ይሠራል ወይ ነው። ክብደት መቀነሳቸው መልስ ይመስለኛል። ለገንዳ ባለቤት ግን ሁለታችንም የምንለው እዚያው ይገናኛል፦ የአንጀቱ ባክቴሪያ እንዲኖር እንጨት መግባት አለበት፤ ዓሣው እንዲኖር ደግሞ ሌላ ምግብ መግባት አለበት።

ጥቁር_ውሃ
በዚህኛው ተስማምተናል።

ሰማያዊ_ገንዳ
ስለዚህ «አንጀቱ ይዘጋል» የሚለው ውሸት ነው?

ባለመሮው
ለአንሲስትረሱ ውሸት ነው። አትክልትና አልጌ በደንብ ካገኘ ያለ እንጨት ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል፣ ይራባልም። እንጨት ቢገባለት ላዩን ይልሳል፣ ሥሩ ይተኛል፣ ይወደዋል፤ ግን አያስፈልገውም። ለተራው ትልቅ ፕሌኮ (ፕቴሪጎፕሊክቲስ) እና ለኦቶሲንክለስም እንዲሁ።

ለፓናቆለስ ያለው መልስ ይለያል። ያለ እንጨት በሳምንት ውስጥ አይሞትም፤ ለዚያ ነው «ተረት ነው» የሚሉት። ግን የተፈጥሮ ምግቡ አብዛኛው ክፍል የማይፈጭ ቃጫ ነው፤ አንጀቱ ቀኑን ሙሉ ቃጫ እንዲያልፍበት የተሠራ ነው። ያ ቃጫ ተወግዶ ቦታው በፕሮቲን እንክብል ሲሞላ ሆዱ ይነፋል። ሁለተኛው ችግር ጥርሱ ነው፦ የሚፍቀው ሲያጣ ፕላስቲክ ላይ ይዞራል፤ የፊልተር ቱቦ፣ የስፖንጅ መያዣ፣ የማሞቂያ ገመድ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ፓናኬ ወይም ፓናቆለስ ካለ እንጨት የግድ ነው፤ ለሌላው ጌጥ ነው።

ትንሿ_ገንዳ
ተቃራኒው ስህተት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ብዙ ፓናኬ የሚሞተው በሱ ነው። ሰው ትልቅ እንጨት ያስገባና «ምግቡ አብሮት አለ» ብሎ ይተወዋል። ዓሣው ቀን ከሌሊት ሲፍቅ ይታያል፣ ከኋላው ቡናማ ክር ይጎትታል፤ የጠገበ ይመስላል። ሆዱ በሰጋቱራ ተሞልቶ ነው በረሃብ የሚሞተው።

ሆዱን እንዴት እንደምታይ ልንገርህ። ከላይ አትመልከት፤ አካሉ በአጥንት ሰሌዳ የተሸፈነ ስለሆነ ከላይ ምንም አይታወቅም። መስታወት ላይ ሲለጠፍ ከሥር ያለውን ነጭ ቆዳ እይ፤ ሰሌዳ የሌለው ወይም የሳሳበት ቦታ እሱ ነው። በጎን ክንፎቹና በሆድ ክንፎቹ መሃል ያለው ቆዳ ቀጥ ያለ ወይም ትንሽ ወጣ ያለ ከሆነ ደህና ነው። ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ ሳህን ከጎደጎደ፣ የሆድ ክንፎቹ ሥር ያለው አጥንት ከታየ፣ ተርቧል። ዓይኑ ጭምር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ነገሩ ዘግይቷል፤ ያኔ በቀን 2 እና 3 ጊዜ ጥቂት ጥቂቱን ማብላት እንጂ በአንዴ መዝረክረክ አይረዳም፣ ውሃውን ብቻ ያበላሻል።

ሰማያዊ_ገንዳ
አመሰግናለሁ እህቴ። ለሁለቱ ክላውኖች ምን፣ ስንት፣ መቼ?

ትንሿ_ገንዳ
መብራት ከጠፋ ከግማሽ ሰዓት በኋላ። ቀን የገባ ምግብ ሌሎቹ ዓሦች ያጸዱታል፤ እነሱ ከተደበቁበት ሲወጡ ባዶ ነው።

መሠረቱ አትክልት ይሁን። ዙኩኒ በ1 ሴ.ሜ ውፍረት ቆርጠህ 1 ወይም 2 ደቂቃ በፈላ ውሃ አለስልሰው፤ ለ3 ዓሣ አንድ ቁራጭ ይበቃል። ከ24 ሰዓት በላይ አታቆየው፣ በሙቀት ቶሎ ይቀልጣል። ስኳር ድንች ጥሬውን ስጣቸው፤ ጠንካራ ስለሆነ ጥርሳቸው ይሠራበታል፣ 2 ቀንም ሳይፈርስ ይቆያል። ካሮትም ይሆናል፤ ኩሳቸው ብርቱካንማ ሲሆን እንዳትደነግጥ። ሁሉንም በማይዝግ ሹካ ወግተህ አስምጠው።

በዚህ ላይ ከአልጌ የተሠራ እንክብል በየሁለት ቀኑ ለአንድ ዓሣ አንድ። ሽሪምፕ ያለበት ምግብ በሳምንት አንዴ፣ ትንሽ። አትክልት ብቻ ይበቃል የሚለውን አትስማ፤ ዙኩኒ አብዛኛው ውሃ ነው፣ በሱ ብቻ የሚኖር ዓሣ አያድግም። ጄል ምግብ የምትሠራ ከሆነ በመጠን 1 እጅ ዱቄት ለ3 እጅ የፈላ ውሃ፤ ሳይረጋ እንጨቱ ላይ ቀባውና አድርቀህ መልሰው። ያኔ ፍቆ መብላት ይሆንለታል፤ ከሁሉም ዘዴ የምመርጠው ይህን ነው።

ሰማያዊ_ገንዳ
እሺ፣ እንጨቱ ምን ዓይነት ይሁን? ሞፓኒ የሚባለውን ነው የመከሩኝ።

ባለመሮው
ሞፓኒ ውብ ነው፣ ወዲያው ይሰምጣል፣ ዓመታት ይቆያል። ግን ለዚህ ዓሣ ድንጋይ ማለት ነው፤ ጥንካሬው ፍቆ የሚያነሳው ነገር አያስቀርለትም። ለጌጥና ለመደበቂያ አንድ አስገባ፤ ለጥርስ ግን ለስለስ ያለ ጨምርበት። ከሚሸጡት ውስጥ የረግረግ እንጨት የሚባለው ጥቁሩ፣ ወይም ሥር ሥር የሚመስለው ቀጭን ቅርንጫፍ ያለው ጥሩ ነው። ራስህ የምታመጣ ከሆነ ቅጠሉን ከሚያረግፍ ዛፍ ይሁን፦ ኦክ፣ ቢች፣ አልደር፣ የፖም ዛፍ።

የማይገቡትን ልብ በል። ሙጫ ያለው ሁሉ ይቅር፣ ጥድን ጨምሮ። መርዛማ መሆናቸው የሚታወቅ እንደ ኦሊያንደርና ዩ ያሉ ዛፎች በጭራሽ። ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ የምስጥ መድኃኒት የነካው ጣውላ አይነካ፤ የእንጨት መድኃኒት ውስጥ ብዙ ጊዜ መዳብ አለ፣ እነዚህ ዓሦች ደግሞ መዳብ አይችሉም። እርጥብ፣ አዲስ የተቆረጠ እንጨትም አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ስኳርና ፈሳሽ ውሃ ውስጥ ሲወጣ ባክቴሪያ ይፈላበታል፣ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። መድረቁን ለማወቅ ልጡን በቢላ ፋቅ አድርግ፤ ሥሩ አረንጓዴ ወይም እርጥብ ከሆነ ገና ነው። ልጡን በሙሉ ላጠው፤ ከነልጡ ከገባ እየተላላጠ ፊልተር ውስጥ ያልቃል።

አዲስ_ክንፍ
ከባሕር ዳርቻ የተለቀመስ?

ባለመሮው
ጨው ይዟል። በባልዲ ንጹሕ ውሃ ነክረው፣ የውሃውን ቲዲኤስ (በውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር ጠቅላላ መጠን) ሲገባና ከ24 ሰዓት በኋላ ለካ። ልዩነቱ ትልቅ እስከሆነ ድረስ ውሃውን እየቀየርክ ድገመው፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ ቁጥሩ ካልጨመረ ጨርሷል። ታኒንም (ከእንጨት የሚወጣው የሻይ ቀለም ያለው ነገር) ቁጥሩን ትንሽ ከፍ ስለሚያደርገው ፍጹም ዜሮ ለውጥ አትጠብቅ።

ሰማያዊ_ገንዳ
መቀቀል የግድ ነው? ድስት ውስጥ የማይገባ ቢሆንስ?

ጋሽ_ኩሬ
የሚገባውን ከ1 እስከ 2 ሰዓት ቀቅለው፣ ውሃው እንደ ጥቁር ሻይ ሲሆን ድፋና ቀይር። መቀቀሉ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ቀለሙን ቶሎ ያስወጣል፣ በእንጨቱ ቀዳዳ ያለውን አየር አስወጥቶ ውሃ ያስገባል፤ ስለዚህ ቶሎ ይሰምጣል። ድስት የማይገባውን በትልቅ ገንዳ ነክረው፣ የፈላ ውሃ አፍስስበት፣ ውሃውን በየ2 ቀኑ ቀይር፤ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል። ሳሙና አይንካው፣ በረኪናም አይንካው፤ እንጨት ስፖንጅ ነው፣ የጠጣውን ቀስ እያለ ነው የሚመልሰው። በምድጃ ውስጥ ማድረቅ ደግሞ የእሳት አደጋ ነው።

አልሰምጥ ካለ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ብሳና በማይዝግ ብረት ብሎን ከሥር እሰረው። ድንጋዩ በቀጥታ የገንዳው ወለል ላይ ይረፍ፣ አሸዋው ከዚያ በኋላ ይፍሰስ። አሸዋ ላይ ካስቀመጥከው ዓሣው ሥሩን ቆፍሮ ባዶ ያደርገዋል፤ እንጨቱ ዞሮ መስታወቱን ወይም ዓሣውን ራሱን ይመታል።

አዲስ_ክንፍ
እንጨት ፒኤች ያወርዳል ይባላል። የሰማያዊ ገንዳ 7.6 ነውና አደጋ የለውም?

ጥቁር_ውሃ
ኬኤች 8 ላይ ብዙ አያወርድም፤ ውሃው የሻይ ቀለም ይይዛል እንጂ መለኪያው ላይ ለውጥ ላታይ ትችላለህ። ቀለሙ ካስጠላህ የነቃ ከሰል ፊልተር ውስጥ አስገባ፣ ይስበዋል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ኬኤች 1 ወይም 2 ላይ ያለ ሰው ነው። የታኒኑ አሲድ የሚያግደው ነገር ስለሌለ ፒኤች ቀስ እያለ ከ6 በታች ይወርዳል። ያኔ የፊልተሩ ባክቴሪያ ይደክማል፣ ከዓሣው የሚወጣው ናይትሮጅን ሳይለወጥ ይከማቻል፤ ፒኤች ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙው አሞኒየም ሆኖ ይቀመጣል፣ ዓሣውም ደህና ይመስላል። ከዚያ ባለቤቱ ግማሹን ውሃ ጠጣርና ፒኤቹ ከፍ ባለ ውሃ ይቀይራል፤ ያ አሞኒየም በቅጽበት መርዛም አሞኒያ ይሆናል። «ውሃ በቀየርኩ ማግሥት ሞቱብኝ» የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው። መፍትሔው በየሳምንቱ ኬኤች መለካትና ትንሽ ትንሽ ውሃ ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው።

ሰማያዊ_ገንዳ
የመጀመሪያውን ቀጭን እንጨት በባልዲ ከነከርኩት 9 ቀን ሆነው። ላዩ ላይ እንደ ለሀጭ የሆነ ነጭ ነገር ወጣበት። ልጣለው?

ትንሿ_ገንዳ
ኧረ አትጣለው! ዓሦችህ የሚፈልጉት እሱን ነው። ከአዲስ እንጨት የሚወጣውን ስኳር የሚበላ ሻጋታና ባክቴሪያ ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ራሱ ይጠፋል። እዚህ ገንዳ ውስጥ ግን ያን ያህል አይቆይም፤ አንሲስትረሱ ብቻውን በሁለት ሌሊት ይጨርሰዋል። በጣም ከበዛ ግማሹን በብሩሽ አንሳ። መጣል ያለበት ሌላ ነው፦ በጣት ሲጫኑት እንደ ረጠበ ዳቦ የሚፈርስ፣ ውስጡ ጠቁሮ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት። ያ ሽታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው።

ባለመሮው
አሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ፦ ሰጋቱራው። እንጨት ሲገባ የጽዳት ሥራህ እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ ክላውኖች በሳምንት ወለሉን በቡናማ ብናኝ ይሸፍኑታል። ብናኙ ራሱ ብዙ አይመርዝም፣ ናይትሮጅን ስለሌለው ቀስ ብሎ ነው የሚበሰብሰው። ጉዳቱ ፊልተሩ ላይ ነው፤ ስፖንጁ ይዘጋል፣ የውሃው ፍሰት ይቀንሳል፣ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ኦክስጅን ያጣል። ሰው አሞኒያ ሲያይ ምግብ ይቀንሳል፤ ጥፋቱ ግን የፍሰቱ ነው።

የፊልተሩ መምጠጫ አፍ ላይ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ስፖንጅ አልብሰው፤ በየሳምንቱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨምቀው፣ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ አይሁን። የፓምፑን መውጫ ወለሉን እንዲጠርግ ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው፤ ብናኙ ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ይከመራል፣ በሲፎን በ2 ደቂቃ ታነሳዋለህ። በሳምንት ከ30 እስከ 40 በመቶ ውሃ ቀይር።

አየርም አትርሳ። በባሕር ወለል ከፍታ 24 ዲግሪ ያለ ውሃ ቢበዛ 8.4 ሚ.ግ ያህል ኦክስጅን በሊትር ይይዛል፤ በ28 ዲግሪ ወደ 7.8 ይወርዳል። እንጨቱ ላይ የሚኖረው ባክቴሪያም ይተነፍሳል። ፓናቆለስ ከሚፈስ ወንዝ የመጣ ዓሣ ነው፤ ከውሃው ላይኛው ገጽ አጠገብ ተለጥፎ ጉሮሮው ቶሎ ቶሎ ካለ መጀመሪያ የአየር ፓምፕ ክፈት፣ ሌላውን ከዚያ ፈልግ።

አዲስ_ክንፍ
እኔ ሰማያዊ ዓይን ያለውን ፓናኬ እያየሁ ነበር። ይህ ሁሉ ለሱም ይሠራል?

ጋሽ_ኩሬ
ይሠራል፣ በአሥር ተባዝቶ። ክላውን ፕሌኮ 9 ወይም 10 ሴ.ሜ ላይ ይቆማል፤ የፓናኬ ወገን ግን በጣም ይበልጠዋል፣ አንዳንዱም ከ40 ሴ.ሜ ያልፋል። ከ500 ሊትር በታች አታስበው። መያዣህ አክሪሊክ ከሆነ ተወው፤ ጥርሱ ገጹን እየፋቀ ያደበዝዘዋል። ማሞቂያው ከገንዳው ውጭ ይሁን ወይም በማይዝግ ወንፊት ይታጠር። ከወንዝ ተይዞ ረጅም መንገድ ተርቦ ስለሚመጣ ከመግዛትህ በፊት ትንሿ ገንዳ ያለችውን ሆዱን ማየት አትዝለል። ሆዱ ጎድጉዶ ዓይኑ የገባ ከሆነ በርካሽም አትውሰድ።

ሰማያዊ_ገንዳ
እንግዲህ እንዲህ ላድርግ፦ አንድ ሞፓኒና ሦስት ለስላሳ ቅርንጫፎች ቅዳሜ አንድ ላይ ላስገባ፣ ስፖንጅ ላልብስ፣ ማታ ማታ ላብላ። የቀረ አለ?

ትንሿ_ገንዳ
አራቱን በአንድ ቀን አታስገባ። ሞፓኒውንና አንዱን ቅርንጫፍ ቅዳሜ፣ የቀሩትን በየሳምንቱ አንድ አንድ፤ ነጩ ለሀጭ በአንዴ ሲፈላ ኦክስጅኑን ይሻማል። ቅርንጫፎቹን ደግሞ የጣት ውፍረት ያላቸውን ምረጥ። እያለቁ ስለሚሄዱ በመጠባበቂያ ሁለት ሦስት በባልዲ ነክረህ አቆይ። ባልዲውን ክደነው፣ ትንኝ ይራባበታል።

ባለመሮው
አንድ ቅርንጫፍ ደግሞ ከፍ አድርገህ፣ ከውሃው ላይኛው ገጽ 10 ሴ.ሜ በታች አግድም አስቀምጥ። ቀን ቀን ሥሩ ተገልብጠው ይተኛሉ፤ ሆዳቸውን ያለ ባትሪ የምታየውም ያኔ ነው።